ጀርባችሁን ለኳሱ ስጡ፦ የጨዋታ ቀን ጅማን በስልክ ካሜራ

በ2010 ዓ.ም. የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ባነሳበት ዓመት ስታዲየም ገብቼ ያነሳኋቸው ፎቶዎች አሁንም አሉኝ። መቶ አርባ ያህል ናቸው። ባለፈው ሰሞን ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። አረንጓዴ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ጉንዳን የሚያካክሉ ሰዎች። ኳሷማ ጭራሽ አትታይም። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የዚያ ዓመት የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ነበር። በእኔ ፎቶ ውስጥ ግን ከመስመር ዳኛው አይለይም።

አንዷ ብቻ ትለያለች። እሷንም ያነሳኋት ረፍዶብኝ እየሮጥኩ ነው። ከስታዲየሙ ውጭ አጥሩ ሥር አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ትንሽ ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። ጨዋታው ከጀርባቸው ሃምሳ ሜትር አይርቅም።

«አባባ፣ ለምን አይገቡም?» አልኳቸው።

«ገብቼ ያየሁ ቀን ይሸነፋሉ» አሉኝ፣ ራዲዮውን ሳያወርዱ።

ሰው ዛሬም ድረስ «ያቺን ፎቶ እስቲ አሳየኝ» የሚለኝ እሷን ነው። ከዚያ ወዲህ አመሌን ቀየርኩ። ኳሱን ለቴሌቪዥን ተውኩለት። ቴሌቪዥን ኻያ ምናምን ካሜራ አለው፤ እኔ አንድ ስልክ። እሱ የማያየውን ነው የማነሳው፤ ኳስ ያለበትን ቀን ከተማውን። ይህን መሞከር ለምትፈልጉ፣ በስህተት የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፦ ቀኑን ከፀሐይ ጋር አስታርቁ

የጨዋታ ሰዓት ስታዩ የፀሐይንም ሰዓት እዩ። ጅማ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወሩ ከምሽቱ 12፡10 እስከ 12፡55 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ስለሆንን ከእነሱ ሰባት ስምንት ደቂቃ ትቆይልናለች። ትንሽ ትመስላለች፤ ለፎቶ ግን ብዙ ናት።

የእንግሊዝ ሊግ ቅዳሜ ከሰዓት የሚደረጉት ጨዋታዎች በእነሱ በጋ 11 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት 12 ሰዓት ላይ ይገቡልናል። እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት አካባቢ ሰዓታቸውን ስለሚቀያይሩ ነው። የ11 ሰዓቱ ለኛ ይሻላል። የመጀመሪያው አጋማሽ በብርሃን ያልፋል፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ፀሐይዋ ወርቅ ትሆናለች፣ ፊሽካው ሲነፋ ሊመሽ ነው። ሦስት ዓይነት ብርሃን በአንድ ጨዋታ ታገኛላችሁ። የ12 ሰዓቱ ደግሞ ከመግቢያው በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው ዋናው። ሰው ወደ ዲኤስቲቪ ቤት የሚጎርፍበት ሰዓት ከጀምበር መጥለቂያው ጋር ይገጥማል።

ቀትርን ሽሹ። በተለይ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀሐይ ጅማን ልክ ከአናቷ ላይ ነው የምትቆመው። ያኔ የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል፤ ሁሉም ሰው የተቆጣ ይመስላል። ግድ ከሆነባችሁ ሰውየውን በረንዳ ሥር አስገቡት። ከተማው ውስጥ ከጣሊያን ዘመን የቀሩ ባለ በረንዳ ቤቶች አሉ። እዚያ ጥላ ውስጥ ሆኖ ወደ መንገዱ የሚያይ ሰው ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን እንደ ወተት ለስላሳ ነው።

ሁለተኛ፦ ስልኩ

ውድ ስልክ አያስፈልግም። ሌንሱን ጥረጉ፤ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብትሉኝ ይህንኑ ነው የምላችሁ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይውላል፣ ፓስቲ የበላ እጅ ይነካዋል። ከዚያ ማታ መብራቱ ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ሲወጣ «ካሜራው አይረባም» ይባላል። ካሜራው ደህና ነው፤ ዘይት ነው።

ፍላሹን አጥፉ፣ ጨርሶ። ፊት የሚያለሰልሰውንም ነገር አጥፉ፤ ደጋፊ ፊቱ መሸብሸብ አለበት። ካሜራው ላይ ባለ ዘጠኝ ክፍል መስመሩን አብሩት፤ አጥርና ሕንፃ እንዳይጣመም ይረዳል። ቦታ አስለቅቁ። የቡድን ግሩፕ ላይ የተጠራቀመ ቪዲዮ ሁሉ ይጥፋ። ፓወር ባንክ ያዙ፤ መብራት የሚሄድበትን ቀን ማንም አያውቅም። አንድ የዳቦ ፌስታልም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ጅማ ውስጥ ዝናብ ሳይጠሩት ይመጣል።

ሦስተኛ፦ ጠዋት ጅሬን ውጡ

ቡድኑ ስሙን ያገኘው ከንጉሥ አባ ጅፋር ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። ቤተ መንግሥታቸው ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። እንግዲህ የጨዋታ ቀን ፎቶ ከየት ይጀመር ቢባል፣ ከስሙ ባለቤት ደጅ ይጀመር ባይ ነኝ።

ባጃጅ ተኮናትራችሁ በጠዋት፣ ከ1 ሰዓት ሳያልፍ ድረሱ። ጅሬን ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ወደ ከተማው ስትዞሩ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ናት። ከታች ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ያበራል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ ዛፎቹና ሚናሬቶቹ ብቻ ብቅ ብለው ይታያሉ። ማሊያ የለበሰ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ከጀርባው አንሱት፤ ስሙና ቁጥሩ ከፊት፣ ከተማው ከሩቅ። ፊቱን አትፈልጉት።

የእንጨት ሰገነቱንም ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጎን ለጎን የሚወርድ የጠዋት ብርሃን የእንጨቱን ሥራ ያጎላዋል። ውስጥ ስትገቡ ግን ማንሳት ይቻል እንደሆነ አስጎብኚውን ጠይቁ።

አራተኛ፦ አንድ ቀለም ተከተሉ

ወደ ከተማ ስትወርዱ ሁሉን ነገር ለማንሳት አትሞክሩ። መርካቶ ገብቶ ሁሉን ላንሳ ያለ ሰው ምንም ሳያነሳ ይወጣል። እኔ አንድ ቀለም እመርጣለሁ። የአርሴናል ደጋፊ ነኝ፤ እዚህ ላይ መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅና ይቀጥል። ስለዚህ ቀይ ፍለጋ ነው የምወጣው።

ቀይ ደግሞ ሞልቷል። ባጃጅ ነጂው፣ ሊስትሮው፣ ከሲሚንቶ ጋር ግራጫ የሆነው የቀን ሠራተኛ። አንድ ጊዜ ሂርማታ አካባቢ አንዲት እናት በልጃቸው አሮጌ ማሊያ የበርበሬ ዘንቢል ሸፍነው አየሁ። የደረቱ ጽሑፍ ተልጦ ሦስት ፊደል ብቻ ቀርቷል። በርበሬው ከማሊያው የበለጠ ቀልቷል። እስከ ዛሬ ካነሳሁት ሁሉ እሷን የሚያህል የደጋፊ ፎቶ የለኝም፤ ሴትዮዋ ቡድኑን ሰምተውት እንኳ አያውቁም።

ማጉያውን አትጠቀሙ። ጣታችሁ ስክሪኑ ላይ ከሚዘረጋ እግራችሁ ሁለት እርምጃ ይራመድ። በጣት የሚጎላው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው፤ በኋላ ሲያዩት ውኃ የነካው ሥዕል ይመስላል።

አምስተኛ፦ ጠይቁ

ሁለት እርምጃ ስትቀርቡ መጠየቅ ግድ ነው። ጅማ ውስጥ አማርኛው ያስኬዳል፤ በኦሮምኛ ስትጀምሩ ግን ፊት ይፈታል። «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላም በሉ። ከዚያ «ሱራ ካሱ ነን ደንደአ?» በሉ፤ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ ወይ ማለት ነው። ሲጨርሱ «ገለቶማ»። አነጋገራችሁ ከተሰበረ ይስቃሉ፤ የሳቀው ፊት ደግሞ ፎቶ ነው።

«አይሆንም» ካሉ አይሆንም ነው። ሁለተኛ አትጠይቁ፣ ከሩቅም አትስረቁ። ሶላት ላይ ያለን ሰው አታንሱ። ልጆችን ስታነሱ አጠገባቸው ያለውን ትልቅ ሰው አስፈቅዱ። ፖሊስ፣ ወታደር፣ ኬላና ኤርፖርት ላይ ካሜራ አታዙሩ። አንድ ፎቶ ብላችሁ ጨዋታው ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ስድስተኛ፦ የሰፈር ኳስ

ወደ 10 ሰዓት ገደማ ባዶ ቦታ ሁሉ ሜዳ ይሆናል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። እዚህ ነው ኳስ ራሷ የምትነሳው፤ ቅርብ ስለሆነች።

ተንበርከኩ፤ ስልኩ ከልጆቹ ጉልበት በታች ይሁን። ከላይ ያነሳችሁት ልጅ ያጥራል፣ ከታች ያነሳችሁት ሰማይ ይነካል። ማንሻውን ተጭናችሁ ያዙት፤ ብዙ ስልክ ላይ በተከታታይ ያነሳል። አንዳንዱ ላይ ማንሻውን ወደ ጎን መጎተት ያስፈልጋል። ስልካችሁ ፕሮ የሚባለው ክፍል ካለው የሻተር ፍጥነቱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/500 ሴኮንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉት፤ የሚሮጥ እግር ይቆምላችኋል። ፀሐይዋ ከልጆቹ ኋላ ከሆነች ሰማዩን በጣት ንኩና ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። ልጆቹ ጥቁር ጥላ፣ አቧራው ወርቅ ይሆናል።

ዝናብ ካባራ በኋላ ደግሞ ኩሬ ፈልጉ። ስልኩን ገልብጡት፤ ሌንሱ ወደ ታች፣ ውኃውን ሊነካ ሲል። ኩሬዋ ሐይቅ ትሆናለች፣ ልጆቹም በሁለት ይባዛሉ። ይህን ሳደርግ ስልኬን ጭቃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። «ሩዝ ውስጥ ክተተው» ያለኝን ሰምቼ ሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ አስተኛሁት። ሩዙ ተበላ፣ ስልኩ አልተነሳም። ብትጥሉት ወዲያው አጥፉት፣ አታራግፉት፣ ቻርጅ ላይ አትሰኩት፣ ለጠጋኝ አድርሱት።

ሰባተኛ፦ ዲኤስቲቪ ቤት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። የቀኑ ዋና ፎቶ ያለው እዚህ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት በሩ ላይ ያለውን የጨዋታ ሰሌዳ አንሱ። በጠመኔ ወይም በማርከር የተጻፈ፣ የክለቡ ስም እንደ ጻፊው ጆሮ የሆነ። ነገ ይጠፋል። እኔ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ የአንዱን ቤት ሰሌዳ አንስቻለሁ። አንድ ክለብ በአራት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፏል፤ ሲያሸንፉ ጽሑፉ ይተልቃል።

ለባለቤቱ ንገሩት። ሂሳባችሁን ክፈሉ፤ ፎቶ አንሺ ነኝ ተብሎ በነጻ አይገባም። ቦታ ስትይዙ ሁሉም ሰው ከሚፈልገው ተቃራኒ ያዙ። ከስክሪኑ ጎን፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ሰዉ አዙሩ። ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ያመልጣችኋል። ለደጋፊ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ የቡድናችሁ ያልሆነ ጨዋታ ላይ ተለማመዱ።

ብርሃኑ ከስክሪኑ ነው የሚመጣው። ሜዳው ስክሪኑን ሲሞላው ፊት ሁሉ አረንጓዴ ይነካዋል፤ የተጫዋች ፊት ተጠግቶ ሲታይ ይደበዝዛል። አንድ ፊት ንኩና ጣታችሁን ያዙበት፤ ብርሃኑ እዚያው ይቆለፋል። ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ከወጣ የአምፖሉ ጣጣ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ፕሮ ላይ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ስታደርጉት አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ይጠፋል። 1/50 ላይ እጅ ከተንቀጠቀጠ ፎቶው ይደበዝዛልና ክርናችሁን ግድግዳ ላይ አሳርፉ።

አሁን መቼ ማንሳት? ጎል ሲገባ አይደለም። ጎል ሲገባ ሁሉም ይነሳል፣ የሚታየው ጀርባና ክንድ ነው። ስልካችሁም ይገፋል። ፔናሊቲ ሲመታ፣ ተጫዋቹ መንደርደር ሲጀምር አንሱ። ያኔ አፍ ይከፈታል፣ እጅ አናት ላይ ይወጣል፣ አንዱ ጓደኛው ትከሻ ሥር ይደበቃል። እንግሊዝ ሊግ ውስጥ ቫር (በቪዲዮ የሚደረገው ዳኝነት) ከገባበት እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ሌላ ሲሳይ መጥቶልናል። ጎሉ ይገባል፣ ይጨፈራል፣ ከዚያ ዳኛው ጆሮውን ይይዛል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሰማንያ ሰው ሳይንቀሳቀስ አንድ ቦታ ያያል። ተጫዋችና አሰልጣኝ ቫርን ይርገሙት፤ ለፎቶ አንሺ ግን ይህን ያህል የሚተባበር ሰው በሠርግም አይገኝም። ጊዜ አላችሁ፣ አንድ በአንድ ፊት ምረጡ።

በሩ አጠገብ ቡና የምታፈላ ሴት ካለች ወደ እሷም ዙሩ። የምሄድበት ቤት ያለችው ስክሪኑን አታይም፤ ጨዋታውን በድምፅ ነው የምትከታተለው። «ተሸነፉ ማለት ነው» ትለኛለች ገና ፊሽካው ሳይነፋ። «በምን አወቅሽ?» ስላት፣ «በረካ የሚያዝ የለማ!» አቦልና ቶና ተስፋ እያለ ይጠጣሉ፤ ሦስተኛውን የሚጠብቅ ያሸነፈ ነው። ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ስቡና ተቀመጡ። ዝቅ ስለምትል ስልካችሁ ከጀበናው እኩል ይሆናል። ከጀርባ በሩ፣ በበሩ ውስጥ የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን፣ ከፊት ጭሱ። ጭስ ጎልቶ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ ጭሱን በእናንተና በበሩ መካከል አድርጉት።

ስምንተኛ፦ ስታዲየም ከሄዳችሁ

አጭር ነው። በ2013 የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ሲደረጉ ካስተናገዱት ሜዳዎች አንዱ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነበር። ሰፊ ነው፤ ከመቀመጫ ሆናችሁ በስልክ የምታነሱት ተጫዋች እንደኔው ጉንዳን ነው የሚሆነው። አንድ የማስታወሻ ፎቶ አንሱና ዙሩ። ቆሎ ሻጩ፣ ከበሮ መቺው፣ ልጁን ትከሻው ላይ የጫነው አባት። በእረፍት ሰዓት ባዶውን መቀመጫና የተረሳውን ጃንጥላ። ከ90ኛው ደቂቃ በፊት ውጡና በሩ ላይ ቁሙ። ውጤቱን የሚናገረው የሚወጣው ሰው አካሄድ ነው።

ዘጠነኛ፦ ማታውኑ ጻፉ

ታኅሣሥ 2011 ላይ ጅማ አባ ጅፋር የግብፁን አል አህሊ በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ በድምር 2 ለ 1 ወደቀ። ይህን ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። እኔ ያን ቀን ከማን ጋር እንደነበርኩ፣ ምን እንደተባለ ግን የትም የለም፤ አልጻፍኩማ። በ2014 ቡድኑ ከፕሪሚየር ሊግ ሲወርድ ደግሞ አንድ መስመር ጽፌ ነበር፦ «ዛሬ ባጃጁ ውስጥ ማንም አላወራም። ሹፌሩ ሂሳብ መቀበል ረስቶ አለፈን።» አሁን ያቺን ሳነብ ያ ምሽት እንዳለ ይመጣል።

ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ጥሩ ፎቶ ሦስት አራት መስመር ጻፉ። የት እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ፣ ፎቶው ውስጥ የማይታየው ምን እንደነበር። የመጨረሻው ነው ዋናው። ለምሳሌ የኔ፦

«ቅዳሜ፣ ቦሳ ኪቶ። ጎሉ በቫር ተሻረ። ከፊት ያለው ልጅ ጫማውን አውልቆ እያውለበለበ ነበር፤ ሲረጋጋ አንዱን አጣው። እስከ ፊሽካው ድረስ በአንድ እግሩ ቆሞ አየ።»

«ድንቅ ምሽት»፣ «የማይረሳ ጊዜ» አትበሉ። ጫማውን ጻፉ።

አሥረኛ፦ ምረጡ፣ ላኩ፣ አሳትሙ

ከሁለት መቶ ፎቶ አሥር አስቀሩ። ሲከብዳችሁ አንድ ቀን አሳድሩት፤ በማግስቱ እጅ አይሳሳም። ጓደኛችሁ በቴሌግራም ላክልኝ ሲል እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩለት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል፤ ለማሳተም ያስቸግራል። ዋናውን ቅጂ ሌላ ቦታም አስቀምጡ፤ የኔ ጭቃ ውስጥ የወደቀው ስልክ የአንድ ዓመት ሰሌዳዎችን ይዞ ነው የሄደው። የተረፉት ለሰው የላክኋቸው ብቻ ናቸው።

ከአሥሩ ሁለቱን ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙና ለተነሳው ሰው ስጡ። ለባለ ራዲዮው አባት ልሰጥ ሦስት ጨዋታ ያህል አጥሩ ሥር ፈለግኳቸው፣ አላገኘኋቸውም። ቡና አፍይዋ ግን የሷን ተቀብላ ከጨዋታ ሰሌዳው አጠገብ በፕላስተር ለጥፋዋለች። በቀደም ስገባ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይሄ የተሸነፉ ቀን የተነሳ ነው፣ ያስታውቃል» አለችኝ። «በረካ ሲታዘዝ ያለውን አንሳኝ።»